ሲስተር ዓፊያ የደፋችው መርፌ

ዓፊያን በቀበርን ማግሥት ለቅሶው ላይ ብዙ ሰው «እጇ ፈጣን ነበር» ሲል ሰማሁ። ትክክል አይደለም። ሲስተር ዓፊያ ዘገምተኛ ነበረች። ከሚሴ ባለው ክሊኒካችን አምፑልን፣ ያንን አንገቱ ተሰብሮ የሚከፈት የመስታወት መድኃኒት፣ እንደ እሷ ተጠንቅቆ የሚከፍት አልነበረም። አንገቱን በአልኮል ጠርጋ፣ በፋሻ ይዛ ትሰብራለች፤ ስብርባሪው እስኪዘቅጥ ትታገሣለች፤ ስትቀዳም ከሥሩ ጥቂት ታስቀራለች። በዚህች ቅሪት ከአስታማሚ ጋር ትጣላ ነበር። የገዛው መድኃኒት እስከ ጠብታው ካልተቀዳለት «ቀሪውን ለሌላ ልትሸጠው ነው» የሚል ብዙ ነው።

አንድ ዓርብ፣ ከጨፋ ሮቢት የመጣችው ዘሃራ በሰላም ወለደች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። ካርዷን ይዤ ስገባ ፍራሹ ርሶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ዓፊያ ያን ቀን ቸኮለች። ደም የሚያቆመውን አምፑል በባዶ እጇ ሰበረችው፤ አንገቱ ደቀቀ። ቀዳችና ሲሪንጁን ወደ መስኮቱ አነሳች። ውስጡ አንድ ነገር ብልጭ አለ።

ደፋችው።

«ሲስተር! ምን ነካሽ?» የዘሃራ ባል አደም ጮኸ። «እየሞተች መድኃኒት ትደፊያለሽ?»

«መስታወት ገብቶበታል።»

«ወላሂ እኔ ምንም አይታየኝም!»

«ደም ሥሯ ከገባ በኋላ ማን ያወጣዋል ወንድሜ? ሌላው ፍሪጅ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ፋርማሲስቱ ከማል ጋ ነው፤ ጁምዓ ሄዷል። ሩጥ!»

አደም ሮጠ። ዓፊያ የዘሃራን ሆድ ተጭና ማህፀኗን ማሸት ጀመረች። የዘሃራ እናት «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። የዘሃራ ከንፈር ነጣ።

«አንቺ ልጅ፣ እንዳትተኚብኝ! ልጅሽ ማንን ነው የሚመስለው?»

የዘሃራ ዐይኖች ተከደኑ። የዓፊያ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከማል ጫማውን መስጊድ ትቶ ከአደም ጋር ደረሰ፤ ፍሪጁን ከፍቶ ሌላ አምፑል አወጣ። ዓፊያ እጇን ከዘሃራ ሆድ ማንሳት ስላልቻለች እሱን አዘዘችው።

«ጥረገው። በፋሻ ያዘው። ስበረው። አሁን ቆይ።»

«ምኑን ነው የምትጠብቁት?» አለ አደም፣ እያለቀሰ።

ሁላችንም አምፑሉን እናያለን፤ የሚንጠባጠበው ደም ይሰማናል።

«ቅዳ። ከሥሩ አትንካ።»

ከማል የዘሃራ ክንድ ላይ በተሰካው ግሉኮስ ውስጥ ጨመረው። ዓፊያ ግን እጇን አላነሳችም። ቆይቶ ማህፀኑ ከመዳፏ ሥር ጠጠረ፤ ደሙም እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

«ውሃ» አለች ዘሃራ።

አደም ሊቀዳላት ተነሣ። ውሃው ሁሉ ልብሱ ላይ ፈሰሰ፤ እናቷ ጣሳውን ተቀበለችው።