አምስት ኪሪዎች በአንድ ሜዳ

የኪሪን ስም ያወጡላት አያቷ ናቸው። በተወለደች ቀን ለመድኃኒት የዛፍ ልጣጭ ሲልጡ ነበር። በእኛ በማኦሪዎች ቋንቋ ልጣጭም ቆዳም «ኪሪ» ስለሚባል ሌላ ስም አልፈለጉም።

ኪሪ ዕድሜዋን የገፋችው በበግ መሸለቻ ቤት ነው። ሸላቾቹ የጣሉትን ጸጉር አፍሳ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለች፣ ጭቃና እሾሁን ትለቅማለች። ኋላ ሞክሼዋ፣ እንደ እኛው ማኦሪ የሆነች የኦፔራ ዘፋኝ፣ በእንግሊዙ ልዑል ሠርግ ላይ ዘፈነችና ዓለም ሁሉ ሰማት። በዚያ ዓመት መንደራችን ውስጥ አራት ሴት ልጆች ተወለዱ፤ አራቱም ኪሪ ተባሉ።

ከእናቶቹ አንዷ፣ ንጋሁያ፣ ልጇን ታቅፋ መጣችና ስሙ ከዘፋኟ እንጂ ከእሷ እንዳልተወሰደ በግልጽ ነገረቻት።

«ይሁን» አለች ኪሪ ሕፃኗን እየተቀበለች። «ዘፋኟ ግን ሽንት ጨርቅ አታጥብልሽም። ሥራ ስትሄጂ እኔ ጋ ጣያት።»

ንጋሁያ ጣለቻት፤ ሌሎቹም እናቶች ተከተሉ። አራቱ ልጆች እዚያው ቤት፣ እዚያው ምንጣፍ ላይ ዳዴ ብለው አደጉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ኪሪ ሦስት የሰፈር ልጆች ጨምራ ቅርጫት ኳስ የሚመስለውን የኔትቦል ቡድን አቋቋመችና ጊዝበርን ከተማ ለውድድር ይዛቸው ወረደች።

ዳኛዋ የስም ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«እማማ፣ ተሳስተዋል እንዴ? አራት ጊዜ ኪሪ ብለዋል።»

«አልተሳሳትኩም። አምስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ጉልበቴን ስለሚያመኝ አልጫወትም።»

ጨዋታው ሲጀመር ኪሪ ከመስመር ውጭ ቆማ «ለኪሪ ስጪያት!» እያለች ትጮሃለች። ልጆቿ የትኛዋን እንደምትጠራ ከድምፅዋ ያውቃሉ፤ ሲጠሩ የኖሩት በዚሁ ድምፅ ነው። የከተማዋ ቡድን አሠልጣኝ ግን «ኪሪን ያዟት!» ባለ ቁጥር ተጫዋቾቹ ወደ አራት አቅጣጫ ይበተናሉ። ኳሷ ደግሞ በሌላ በኩል ቀለበቱ ውስጥ ትገባለች። ከተመልካቹ ብዙው በሳቅ ተንከተከተ፤ አሠልጣኙም ራሱ መጨረሻ ላይ ሳቁ አመለጠው። የኪሪ ልጆች በሁለት ግብ አሸነፉ።

የጨዋታው ኮከብ የሚሸለመው ትንሽ ዋንጫ ላይ «ኪሪ» ተብሎ ተጻፈበት። የትኛዋ እንደሆነች የጻፈውም ሰው አላወቀም። ወደ መንደር ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ አራቱ ልጆች ሲነጣጠቁት አብራ የመጣችው ንጋሁያ ቀማቻቸውና ወደ ኋላ ወንበር፣ ወደ አሮጊቷ አቀበለችው።

«አክስቴ ኪሪ፣ ከዘፋኟ ነው ያልኩሽን ተይው» አለቻት። «ልጄ ባንቺ ስም ነው የምትጠራው።»

ኪሪ ዋንጫውን ጉያዋ ውስጥ አድርጋ ዘፈን ጀመረች፤ ልጆቹም ተቀበሏት።