አራት መቶ የሚችል ገመድ

ይህን ተረት መጀመሪያ የነገሩኝ ጠፍር ሠሪው ጎረቤታችን አባ ይማም ናቸው። ልጅ ሳለሁ፣ ኩራዙን ዝቅ አድርገው ከፍሙ ዳር ቆዳ እየተለተሉ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ስለ አንድ የአምባ እስረኛ ያወጉን ነበር። ሰውየው ጋቢውን ቀድዶ ገመድ ገመደ፤ ድንጋይ አስሮ ወደ ገደሉ ቢሰድ ገመዱ ቻለ፤ ራሱ ሲወርድበት ግን ተበጠሰ። «ድንጋዩን መዘነ እንጂ ራሱን አልመዘነም» ይሉ ነበር። ያኔ ያስጨንቀኝ የነበረው መውደቁ ሳይሆን፣ ቀድሞ አምባው ላይ ታስሮ ያሳለፋቸው ቀኖች ነበሩ።

ኋላ ኮምቦልቻ ፊዚክስ ሳስተምር ተረቱን ወደ ስሌት ለወጥኩት። የአንድ ነገር ክብደት መጠነ ቁሱ በምድር ስበት፣ ማለትም በ9.8 ሲባዛ ይገኛል፤ መለኪያውም ኪሎ ሳይሆን ኒውተን ነው። ከተማሪዎቼ መካከል ልጄ ሰይድና የክፍል ጓደኛው ዘሃራ ነበሩ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. ሰይድ የሚሠራባትን የሳዑዲዋን ዳማምን እንዳይ አስመጣኝና ራካ በሚባል ሰፈር እሱ ዘንድ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዘሃራ መጣች። አል ራዋቢ ሰፈር በሚገኝ ቪላ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ውሏ ካለቀ በኋላም ካፊሏ፣ ያስመጣት አሠሪዋ፣ ኹሩጅ፣ የመውጫ ፈቃዷን ማለት ነው፣ አልሰጥም ብሎ ፓስፖርቷን ይዞባት፣ ማዳሟ በሩን ቆልፋባት ኖራለች። ያን ቀን ግን ተፈቅዶላት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እየሄደች ነበር፤ ሰይድ ዘንድ የቆየ ሻንጣዋን ልትወስድ ነው የመጣችው።

ሻንጣው እንዴት ከእሷ ቀድሞ እንደ ወጣ ያኔ ነገሩኝ። ከሰባት ወር በፊት፣ የቤቱ ሰዎች ቀትር ላይ ሲያሸልቡ፣ ሰይድ በመስኮቷ ሥር ቆሞ በስልክ ያዋራት ነበር። በእጇ አዲስ የልብስ ማስጫ ገመድ ነበር፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አቅም አነበበችለት።

«አራት መቶ ይችላል ይላል እኮ! በሬ ነሽ እንዴ? ውረጂ!»

«የጋሼ ልጅ ሆነህ ኪሎና ኒውተን አትለይም? አራት መቶ ኒውተን ነው የሚለው!»

ክብደቷ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነበር፤ ይቅርታ፣ መጠነ ቁሷ ማለቴ ነው። ክብደቷ አምስት መቶ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ኒውተን ነው፤ ከገመዱ አቅም በላይ። ዘጠኝ ኪሎ ሻንጣዋ ግን ዘጠና ኒውተን አይሞላም። ሻንጣው ወረደ፤ እሷ ቀረች።

«ጎበዝ! ስሌቱ አዳነሽ» አልኳት፤ የመምህርነት ኩራት ይዞኝ።

«እንዳልሰበር አድርጎኛል፣ ጋሼ» አለች ሻንጣውን እያቀፈች። «ግን ሰባት ወር ሙሉ ያን መስኮት በከፈትኩ ቁጥር ቁጥሩ ትዝ ይለኝ ነበር። ባላውቅ ኖሮ ቢያንስ እወርዳለሁ ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር።»

ታች የሚጠብቃት መኪና ጥሩምባ ነፋ። «አላህ ያግባሽ» አልኳት።

ያን ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ደብተር አውጥቼ ታሪኩን ጻፍኩ። «ስሌቱ አዳናት» አልኩ። ከሥሩ ደግሞ «ስሌቱ ሰባት ወር እዚያው አስቀራት» ብዬ ጨመርኩ። ዕድሜዬን የልጆች ደብተር ሳርም ኖሬ፣ ከሁለቱ የትኛውን እንደምሰርዝ አላወቅሁም።