የእናቴ ጎረቤት

እናቴ ስኳር ካለባት ቆይቷል። የስኳር መርፌዋን የምትወስደው ከጎባ ሆስፒታል ነው። እኛ የምንኖረው ሮቤ ስለሆነ በሚኒባስ ደርሳ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይበቃታል። የጤና መድን ደብተራችን በአባቴ ስም የወጣ ነበር፤ እሷም የምትታከመው በዚያው ነው። አንድ ቀን መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ደብተሩን አገላብጦ አየና "ተሰርዟል" ብሎ መለሰላት። ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችም፤ ተሸማቃ ወጣች። የዚያን ወር መድኃኒት ከግል ፋርማሲ ገዛሁላት፤ በየወሩ እንዲህ ማድረግ ግን ከአስተማሪ ደሞዜ በላይ ነው።

በማግስቱ አባቴን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። የመድኑን ሥራ የያዘችው ወጣት ሴት ከወንበሯ ተነስታ "አካም ቡልተኒ አባባ" ብላ ሰላም አለችው። መቼም ትሕትና አልጎደለባትም።

"እርስዎ ጡረተኛ ነዎት" አለችው። "በአዲሱ አሠራር ጡረተኛ ከዚህ ወጥቶ ወደ ሌላኛው መድን ይዛወራል።"

"ሌላኛው የት ነው?"

"እሱ ገና አልተጀመረም።"

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በጃኬቱ ጫፍ ጠረገ። ዕድሜውን በሙሉ ሂሳብ ያስተማረ ሰው ነው፤ የማይገጥም ነገር ያመዋል። "ታዲያ ከዚህ ወጥቼ እዚያ ካልገባሁ አሁን የት ነኝ ማለት ነው?" አላት። ልጅቷ ደብተሩን መልሳ ሰጠችው። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባልናገረው ደስ ይለኛል። ቀበሌው ወደ ወረዳ፣ ወረዳው ወደ ዞን ላከን፤ ዞኑ ደግሞ "ከቀበሌ ደብዳቤ አምጡ" አለን። ኃላፊው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከማስተምርበት ክፍለ ጊዜ እየሰረቅኩ በባጃጅ ተመላለስኩ። አንድ ቀን የማላውቀው ጸሐፊ ላይ ጮህኩበት፤ ወዲያው አፈርኩ፤ ደክሞኝ ነበር። እናቴ በበኩሏ መርፌውን ማብቃቃት ጀመረች። ሳላውቅ ነው ያደረገችው። እግሯ ማበጥ ሲጀምር ነው የነቃሁት።

ልጅቷን እንደገና ብቻዬን ሄጄ ለመንኳት። ግራ ቀኙን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እማማ ጡረተኛ አይደሉም፤ ለብቻቸው የሚኖሩ ቢሆን በራሳቸው ስም ይመዘገቡ ነበር። ግቢያችሁ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የለም? ተለያይተው እንደሚኖሩ አባባ ይፈርሙ፤ ሁለት ጎረቤት ይመስክር።"

ለእኔ ቀላል ነበር። ለእናቴ እግር ስል ከዚህ የባሰ ውሸት እዋሻለሁ። አባቴ ግን ያመጣሁለትን ወረቀት አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ጠቆረ። "ስንቱን ልጅ ለኩረጃ ዜሮ ሰጥቼ እኔ በስተርጅና በውሸት ልፈርም?" አለ። ያን ዕለት ጠላሁት። እውነቴን ነው፤ ጠላሁት። "እውነትህን ይዘህ ቅበራት!" አልኩት።

 ተነስቶ ጓዳ ገባና ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ። ጋቢውን፣ ሬዲዮኑንና ዳዊቱን ይዞ ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ገባ፤ ድንችና ማገዶ የምናስቀምጥባት፣ ግድግዳዋ ቆርቆሮ የሆነች ክፍል ናት። ከዚያ ተመልሶ "እስክሪብቶ ስጪኝ" አለኝ። "አሁን እውነት ሆኗል" ብሎ ፈረመ።

ደብተሩ በእናቴ ስም ወጣ። ሦስታችንም ጎባ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ደብተሩን አየና "እማማ፣ ብቻዎን ነው የሚኖሩት?" አላት። እናቴ አንገቷን ደፋች። ሠራተኛው ነጠላዋን ይዞ አጠገቧ ወደቆመው አባቴ ዞረ። "እርስዎስ ምናቸው ነዎት?"

"ጎረቤታቸው ነኝ" አለ አባቴ።

መድኃኒቱ ተሰጣት። 

አባቴ እንግዲህ ሰርቪስ ቤት መኖሩን ቀጠለ። ወረቀቱን የሚያጣራ ሰው መጥቶ አያውቅም፤ እንደማይመጣም ነግሬዋለሁ። ለምሳ ሲመጣ በሩን ያንኳኳል። እናቴ "ኧረ ግባ፣ አንተ ሰውዬ!" ትለዋለች፤ በልቶ፣ አመስግኖ ይመለሳል። የሮቤ ክረምት ደግሞ በቆርቆሮ አይመከትም። ነሐሴ ላይ ሳል ጀመረው። ሐኪም ቤት ልውሰድህ ስለው "ደብተር የለኝም፤ ይሻለኛል" ይላል። ያ ሌላኛው መድን አሁንም አልተጀመረም።

ባለፈው እሁድ የእናቴን እግር እያሸሁ ሳለ ሳሉ ከጓሮ ተሰማን። ረጅም ሳል ነበር። እስኪያበቃ ድረስ ሁለታችንም ጠበቅን። ከዚያ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"ያችን የቀበሌ ልጅ ጠይቂልኝ እስቲ" አለችኝ። "ጎረቤት በእኔ ደብተር መመዝገብ ይችል እንደሆነ።"