ሰባተኛ ቁጥር ላይ የቀረው ቅቤ

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤት የጠየቀኝን ማስረጃ ስፈልግ ከወረቀቶቼ ካርቶን ሥር ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አገኘሁ። ገና ሳልከፍተው ሸተተኝ። በኮረሪማ የተነጠረ የቅቤ ሽታ ነው፤ ይህን ያህል ዓመት ታሽጎ ተቀምጦ እንኳ አልለቀቀም። ገጹን ገልጬ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር የተሰጠው የምግብ ቤቶች ዝርዝር ነው። ሰባተኛው ቁጥር ፊት ለፊት ግን ስም የለም። አውራ ጣት የሚያህል የቅቤ ምልክት ብቻ አለ፤ የጠዋቱ ፀሐይ በእሱ በኩል አልፎ እጄ ላይ አረፈ።

ያን ጊዜ ሀዋሳ ውስጥ የሦስተኛ ዓመት የቱሪዝም ተማሪ ነበርኩ። መምህራችን የከተማዋን አሥር የመመገቢያ ቦታዎች መርጠን፣ የሚቀርበውን ቀምሰን፣ ለእንግዳ በሚገባ አማርኛ እንድንጽፍ አዘዘን። የተሻለው ጽሑፍ የጸሐፊው ስም ሰፍሮበት ይታተምና ለከተማዋ እንግዶች ይታደላል አለ። ቀጥሎ ያለው ግን አስጨነቀኝ።

«ከአሥሩ አንዱ ማንም የማያውቀው ቤት ይሁን» አለ። «ዓሣ ቤቶቹንማ ባጃጅ የተሳፈረ ሁሉ ያውቃቸዋል።»

እኔ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ክፍል ውስጥ እጄን አንሥቼ አላውቅም ነበር። ስሜ ታትሞ ቢወጣ፣ ሳልናገር እንደተናገርኩ የሚቆጠርልኝ መሰለኝ። ስለዚህ ያ ወረቀት የእኔ እንዲሆን አጥብቄ ፈለግኩ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ችግሩ፣ አስተናጋጅ መጥራት እንኳ የማልችል ሰው መሆኔ ነው። የምትጠራልኝ የዶርም ጓደኛዬ ነበረች። እዚያው ሲዳማ ገጠር ተወልዳ ያደገች፣ ከማንም ጋር በአንድ ደቂቃ የምትዛመድ ልጅ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዛኝ ትወጣለች። ሐይቁ ዳር ዓሣው ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ጩኸት ከሩቅ ይቀበለን ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ትከሻቸውን ሰብቀው አጥንት ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ቀን፣ በብርጭቆ የመጣልኝ የዓሣ ሾርባ ላይ ሎሚ እንዲጨመርልኝ እየፈለግኩ ሳልጠይቅ ጨረስኩት። ጓደኛዬ ያወቀችብኝ ብርጭቆው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

«አንቺ እዚህ ሐይቅ ውስጥ ብትሰምጪ እንኳ ሰው እንዳላስቸግር ብለሽ አትጮኺም» አለችኝ።

መሃል ከተማ አንድ የጉራጌ ቤተሰብ ክትፎ ቤት ነበር፤ ቆጮው እንደ ነጠላ ታጥፎ ይቀርባል። ማንጎና አቮካዶ ደርበው የሚሰጡ ጭማቂ ቤቶች፣ ጠዋት ጠዋት ፉል የሚያፈሉ ወንድማማቾች... ብቻ ሳይታወቀን ስድስት ሞላን። ማንም የማያውቀው ቤት ግን አልተገኘም።

በአራተኛው ቅዳሜ ጓደኛዬ፣ እናቷ ከተማ ስትገባ የምትበላበት ቤት እንዳለ ነገረችኝ። የት እንደሆነ አልነግራችሁም። የጣውላ መጋዝ የሚሰማበት ሰፈር ነው፤ ይህን ያህል ይበቃል። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ውስጡ ከፀሐይ ለገባ ሰው ጨለም ይላል፤ መጀመሪያ የሚታየው ሰሌኑ፣ ቀጥሎ ዙሪያውን የተቀመጡት ሰዎች ጉልበት፣ ከዚያ መሃል ላይ ያለው ሰፊ የሸክላ ሳህን ነው። ሻፌታ ይሉታል። በውስጡ ያለው ቡርሳሜ ነበር፤ ቆጮው እንደ አሸዋ እስኪላላ ተፈርፍሮ፣ በቅቤ ታሽቶ፣ ቅቤው መሃሉ ላይ ቆሞ ያበራል። ባለቤቲቱ ሴትዮ በሲዳምኛ «ዳኤ ቡሹ»፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው ተቀበሉንና የእንሰት ቅጠል በማንኪያ ልክ ቀድደው ሰጡኝ።

እኔ ሰው ፊት መብላት የሚያሳፍረኝ ሰው ነኝ። እዚያ ግን ሁሉም የሚያየው ሻፌታውን ነው። አጠገቤ ጡረታ የወጡ ዘበኛ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቅቤው ወደ እሳቸው በኩል ሲሄድ ሳህኑን በአንድ ጣት ወደ እኔ ዘንበል ያደርጉታል። እርጎው በቅል ዞረ። መቼ እንደጠገብኩ አላውቅም፤ ቅጠሉ አልቆ በጣቴ ስበላ ነው ራሴን ያገኘሁት።

በሳምንቱ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። በልተን ስናበቃ እስክሪብቶ ሳወጣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ከገቢዎች ነሽ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው። «ለካ ዝም ያልሽው እየቆጠርሽን ነው።»

ጓደኛዬ በሳቅ ፈነዳች፤ እንድታስረዳልኝ ባያትም አላስረዳችም። ስለዚህ ራሴ፣ ዓይኔን ሰሌኑ ላይ ተክዬ ነገርኳቸው። ሴትዮዋ አንብቢልኝ አሉ። እኔ የጻፍኩትን ለሰው ጮክ ብዬ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር። ስለ ዓሣ ቤቱ ሳነብ ሽማግሌው ወጥ ሠሪው ከተቀየረ በኋላ ጨው እንደበዛ አስመዘገቡኝ። ስለ ክትፎ ቤቱ ሳነብ አንዲት የገበያ ሴት ቆጮውን ከማን እንደሚገዙ ነገረችን። ድምፄ ቀስ በቀስ ወጣ።

ሴትዮዋ የሻፌታውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ መጡና ዝርዝሩ ላይ ጎንበስ አሉ። «የእኔ የቱ ጋ ነው?»

ሰባተኛውን ቁጥር አሳየኋቸው። ቅቤ የነካውን አውራ ጣታቸውን እላዩ ላይ አሳረፉ። ስለ ቤታቸው የጻፍኩትን ከሚቀጥለው ገጽ ላይ ገልጬ አነበብኩላቸው፤ ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩ። ስጨርስ ቅጠል እንደሚቆርጥ ሰው ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ቆንጆ ነው። አታስገቢው።»

ምን እንዳጠፋሁ አስቤ ደነገጥኩ።

«ሰሌኔ ስምንት ሰው ይይዛል። ሻፌታዬ አንድ ነው» አሉ። «ወረቀትሽን ያየ ሰው ሲመጣ ማንን ላስነሣ? እኚህን ሽማግሌ?»

«እኔ ለሚኒስትርም አልነሣም» አሉ ሽማግሌው።

ሁሉም ሳቀ። ሴትዮዋ ግን እጃቸውን ዘርግተው ነበር። «ወረቀቱን ለእኔ ስጪኝ» አሉ። «ማንበብ ባልችልም ስለ እኔ እንደሚያወራ አውቃለሁ።» ገጹን ቀድጄ ሰጠኋቸው።

ባጃጅ ውስጥ ጓደኛዬ አልሳቀችም። እኔ ለሰው ሰሌን ስጨነቅ ለእኔ ውጤት ማን እንደሚጨነቅ ጠየቀችኝ፤ ሰፈሩን ቀይሬ እንድጽፈው መከረችኝ። እውነቱን ለመናገር አሰብኩበት። ወደ ንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ እንዲያውም አንድ ጊዜ በእርሳስ ጽፌው፣ ያ የተዘረጋ እጅ ትዝ ሲለኝ አጠፋሁት።

ያስረከብኩት ሰባተኛው ባዶ የሆነ ዝርዝር ነው። መምህራችን ክፍል ውስጥ እያነበበ እዚያ ሲደርስ ቆመ። «ሰባተኛውስ?»

ተነሣሁ። «ባለቤቲቱ አትጻፊኝ ብለውኛል» አልኩ።

«ታዲያ እንዲህ ዓይነት ቤት ስለመኖሩ በምን አምናለሁ?»

እንዴት እንዳደረግኩት እስከ ዛሬ አይገባኝም። ወደ ፊት ሄጄ ደብተሬን ሰጠሁትና «ያሽትቱት» አልኩ።

መምህሩ ደብተሩን አፍንጫው ላይ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ። ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ያሳቅኳቸው እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ቦታዬ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

«መኖሩንስ አለ» አለ መምህሩ፣ «ግን ሽታ አይታተምም።»

የታተመው የሌላ ተማሪ ዝርዝር ነው። ቅዳሜ ዕለት ብቻዬን ወደዚያ ቤት ሄድኩ። ሰሌኑ ሞልቶ ነበር፤ ከበሩ ሆኜ ቆጠርኩ፤ ስምንት ናቸው። ልመለስ ስዞር ሴትዮዋ አዩኝና ወደ ሽማግሌው ዞረው «ጠጋ ይበሉ» አሉ። ለሚኒስትር የማይነሡት ሰውዬ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠጋ አሉ። ዘጠኝ ሆንን። ስለ ውጤቴ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩም። ቅቤው ግን ያን ቀን ወደ እኔ በኩል በደንብ መጣ። እስክመረቅ ድረስ በየቅዳሜው እዚያ ነበርኩ።

አሁን ጓደኛዬ ገጠር ታስተምራለች። የዚያ ቤት ቦታ ላይ ፎቅ ተሠርቷል። ሴትዮዋ ልጃቸው ጋ መግባታቸውን የሰማሁት የታክሲ ሰልፍ ላይ ካገኘኋቸው ከሽማግሌው ነው።

«ወረቀትሽን ግድግዳ ላይ ለጥፋው ነበር» አሉኝ። «ዕቃ ሲወጣ መጀመሪያ ያነሣችው እሱን ነው።»

ባለፈው ሳምንት ይህን ሁሉ ሳስብ፣ ከእንግዲህ የሚጨናነቅ ሰሌን የለም፣ ብጽፈው ማንም አይነሣም አልኩ። እስክሪብቶ አነሣሁና ሰባተኛው ቁጥር ፊት የቤቱን ሰፈር ልጽፍ ሞከርኩ። ቀለሙ እንቢ አለ። ደጋግሜ ጫንኩት፤ ቅቤው ላይ እየተንሸራተተ አልይዝ አለ። ብቻዬን ሳቅሁ።

«እሺ፣ እትዬ» አልኩና ደብተሩን ዘግቼ ጣቴን አሸተትኩ።