ግራ እጅ

ባለፈው ሳምንት ትከሻዬን ለመታየት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ልጅ እግሯ ነርስ «እማማ፣ ግራ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ» አለችኝ። አነሳሁ። ቀና ብዬ ሳይ ጣቶቼ ተጨብጠዋል። «ኧረ ይክፈቱት፣ ሊመቱኝ ነው?» ብላ ሳቀች። አልፈርድባትም፤ ያን ዘመን አልደረሰችበትም። በደርግ ጊዜ በየስብሰባው መፈክር ሲሰማ ግራ እጃችንን ጨብጠን እናነሳ ነበር። ከመልመዳችን ብዛት እጃችን እኛን አይጠይቀንም ነበር።

የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ አምቦ አስተምር ነበር። ቶለሳም እዚያው ያስተምራል፤ ቀለበት አስረን ጥርን እንጠብቃለን። ባኮ ለሥራ የሰነበተ አንድ ፈረንሳዊ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ የቀልድ ፊልም ለትምህርት ቤታችን ትቶ ሄደ። መስከረም ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ የከተማው ሰው ጫማውን በጭቃ ለውሶ አዳራሹን ሞላው። እኔ ከበር ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ገባሁ።

ታሪኩ ሥራ ፈት የሆኑ ሁለት ጓደኛሞች ባንክ ሊዘርፉ ሲነሱ ነው። ዘረፋም ሙያ ይፈልጋል መሰለኝ፤ ፊታቸው ላይ ያጠለቁት ካልሲ ዓይናቸውን ጋርዶባቸው መጀመሪያ የገቡት ዳቦ ቤት ነው። ቶለሳ ፈረንሳይኛ አዲስ አበባ ሲማር ለምዶ ስለነበር፣ ማይክሮፎን ይዞ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ ይተረጉምልናል። በመጨረሻ ባንኩን አገኙት። አንደኛው እየተንቀጠቀጠ ሽጉጡን አውጥቶ ጮኸ። ቶለሳም ድምፁን አስመስሎ «እጅ ወደ ላይ!» አለ።

አዳራሹ ሙሉ ግራ እጁን ጨብጦ አነሳ። እኔም በቆሎዬን እንደያዝኩ አነሳሁ። ከዚያ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና ሁላችንም ተከተልነው። ያልሳቀው ፊት ለፊት የተቀመጠው የቀበሌው ሊቀመንበር ብቻ ነበር። የእሱም እጅ ተነስቶ ነበር።

በማግስቱ «በአብዮቱ ላይ አሹፏል» ብለው ቶለሳን አሰሩት። እኔንም ጠሩኝ።

«ጓዲት፣ ሌባው እንደዚያ ብሏል? ወይስ ቶለሳ ከራሱ ጨምሮ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

ሽጉጡን ዓይን ያለው ሁሉ አይቶታል። ይህን ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

«ፈረንሳይኛ አልችልም» አልኩ።

እውነቴን ነው፣ አልችልም። ጻፉት፤ ፈረምኩ። ደጅ ላይ የቶለሳ እናት ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«ማል ጄቴ? ምን አልሽላቸው፣ ልጄ?»

«እውነቱን» አልኳቸው። መረቁኝ።

ቤቴ ገብቼ ምሳዬን በላሁ። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቄያለሁ፤ አልመጣልኝም።

ቶለሳ ዓመት ከመንፈቅ ታስሮ ተፈታና ጎጆ በምትባል ከተማ እንዲያስተምር መደቡት። ጎጆ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ግን ክፉ ነው፣ እኔም ለዓመታት በመንገዱ አሳበብኩ። ቀለበቱን በሰው ላክሁለት። ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ያን ቀን ግን ፍርሃት እንኳ አልተሰማኝም ነበር።

ነርሷ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋጋቻቸው፤ ከዚያ ክንዴን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ «እዚህ ጋ ያምዎታል?» አለችኝ።

«ምንም አይሰማኝም» አልኳት።

አንገቷን ደፍታ ጻፈችው።