ከነግድግዳው

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ እህቴ ታደለች ሆሳዕና ያለውን ቤቷን ለመስቀል ስታስቀባ ላግዛት ሄጄ ነበር። ላግዛት አልኩ እንጂ ሥራዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀለም ቀቢውን ማዘዝ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ የሚያምርብኝ እሱ ነው። ቀቢው ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያወረደ ቆየና አንዱ ፍሬም ላይ ሲደርስ እጁ ከዳው። ቶሎ ብሎ በሁለት እጁ ደገፈው።

"እትዬ፣ ይሄ ውስጡ ምን ቢኖር ነው እንዲህ የሚከብደው?"

"ቀስ ብለህ! እንዳትጥለው!" አልኩት። ታደለች ጩኸቴን ሰምታ እጇ ከነሳሙናው ከጓዳ እየሮጠች መጣች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከሆሳዕና ወጣ ብላ ካለችው ፎንቆ አጠገብ፣ በወላጆቼ ቤት ነው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ታደለች አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ የመምህራን ማሰልጠኛ ጥሪ የምትጠባበቅበት ክረምት ነበር። መስቀል ሲቃረብ ደግሞ በእኛ አገር ቤቱን ሳያድስ እንግዳ የሚጠራ ሰው የለም። አባቴ ራሱ የሠራውን የጭቃ ቤት ከውጭ ይመርገዋል፤ እናቴ ከውስጥ ወረቀት ታለብሰዋለች። አሁን ልጆች የሚያብለጨልጨውን ሁሉ በካርቶን ገዝተው ይሰቅላሉ፤ ያምራል፣ አልጠላውም። ያኔ ግን ጌጥ የሚገዛ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የሚለቀም ነገር ነበር። አሮጌ ጋዜጣ ከነጋዴዎች በእንቁላል እንለውጣለን። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት እናጥባለን። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት በጥፍራችን እያለሰለስን ሰንሰለት እንሠራበታለን። ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ አባቴ በመቀስ አበባ ይቆርጥልናል፤ በየዓመቱ ጣቱን ይቆርጠዋል፣ በየዓመቱም መቀሱን ይሰድባል። ከሁሉም የሚከበረው ግን ባለ ቀለሙ የውጭ መጽሔት ነበር፤ ትራክተር የሚነዱ፣ ጥርሳቸው የሚያበራ ሴቶች ያሉበት።

ምክንያቱም እንግዳ ግድግዳ ያነባል። የመስቀል እንግዳ ቆጮና ክትፎ እስኪቀርብለት ድረስ አንገቱን ወደ ጎን ሰበር አድርጎ ከላይ እስከ ታች ያነባል። ዜናው ሦስት ዓመት ያለፈው ቢሆንም ግድ የለውም። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ማንበብ የማይችለው "ከዚያስ?" ይላል።

የእኔ ሥራ ራስና እግር መለየት ነበር። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች እያንዳንዱን ወረቀት ከመለጠፏ በፊት ወደ እኔ ታዞራለች፤ እኔ ላዩን አሳያታለሁ። አባቴ ደግሞ ከበር ላይ ሆኖ "የመሪው ፎቶ ያለበትን ቀና አድርጋችሁ ለጥፉት፤ ከምድጃውም ራቅ ይበል፤ ጭስ ነካው ብለው ቀበሌ እንዳይጠሩኝ" ይለናል። እየቀለደ ይሁን የምሩን አልገባንም ነበር። አሁን ሳስበው ሁለቱንም ነው።

ጎረቤቶቻችን የሚለጥፉት በተፈላ የስንዴ ዱቄት ነው። እናቴ ግን በዚህ ነገር ኩሩ ነበረች፤ ከእንሰት የሚወጣውን ነጩን ቡላ ነበር የምታፈላው። በቅቤና በወተት ለሚሠራው አተካና ከተቀመጠው ቀንሳ ነው፤ እኔ ደግሞ አተካና ስለምወድ ያንገበግበኝ ነበር። "በቡላ የተለጠፈ ከግድግዳው ጋር አብሮ ያረጃል" ትል ነበር። እውነቷን ነው።

በዚያ ዓመት ታደለች ዳምቦያ የወለደች አክስታችንን ልታርስ ሄዳ ገና አልተመለሰችም። ለጥፈን ለጥፈን የቀረን ከእንግዳ መቀመጫው በላይ ያለው ቦታ ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ ግን አለቀ። እናቴ ከታደለች ሳጥን መጽሔት ልትፈልግ ገብታ አንድ ወረቀት ይዛ ወጣች። ዙሪያው አረንጓዴ ሐረግ ያለው፣ ከጥጉ ጉርድ ፎቶ፣ ፎቶው ላይ ሐምራዊ ማኅተም።

"ይቺ ልጄ አይደለችም?" አለችኝ በሀዲይኛ።

"ናት። የምስክር ወረቀቷ ነው።"

"ምን ይላል?"

አነበብኩላት፤ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ትምህርቱን በየተራ ከነውጤቱ። ሥራዋን ትታ ቆማ ነው የሰማችው። ሂሳብ ላይ ስደርስ "ድገሚው" አለችኝ። ሲያልቅ ይለጠፍ አይለጠፍ ብላ አልጠየቀችኝም። "ራሱ በየት በኩል ነው?" ነበር ያለችኝ። እኔም አሳየኋት። ማንበብ የምችለው እኔ ነበርኩ።

ታደለች በዋዜማው ከሰዓት በኋላ መጣች። ጫማዋን የመንገዱ ጭቃ በልቶታል፤ እጇ ላይ አደይ አበባ ይዛለች። ገብታ ቀና አለችና ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። እናቴ የቡላውን ድስት እንደያዘች ከኋላዋ ቆማ ነበር።

"አላማረም?"

ታደለች "አምሯል፣ እማዬ" አለች። እኔን ግን አላየችኝም።

በዓሉ በደስታ አለፈ፤ መዋሸት አልችልም፣ ከስንት መስቀል የማስታውሰው እሱን ነው። የመጣው እንግዳ ሁሉ የትራክተሯን ሴት ትቶ ያንን ወረቀት ነበር የሚያነበው፤ እናቴም ምግብ ማቅረቡን እየረሳች ከኋላቸው ትቆም ነበር። በአራተኛው ቀን አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ከሆሳዕና መጥታ ለታደለች ስሟ መለጠፉን ነገረቻት። ለማሰልጠኛ ተመርጣለች። እስከ ዓርብ ድረስ ዋናውን የምስክር ወረቀት ይዞ አውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያልቀረበ ግን ይሰረዛል። ምትክ እስኪመጣ ዓመቱ ያልቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ማን እንደሚጠራ የሚያውቅ የለም።

እናቴ ይህን ስትሰማ ሄዳ የወረቀቱን ጠርዝ በጥፍሯ ሞከረችው፤ ንቅንቅ አላለም። በእርጥብ ጨርቅ ስትሞክረው የማኅተሙ ቀለም በፎቶው ላይ ወደ ታደለች ጉንጭ መፍሰስ ጀመረ። ጨርቁን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ከጓዳ ሆኜ አለቅስ ነበር። ይህን ያህል ራሴን የጠላሁበት ቀን አላስታውስም።

አባቴ ገብቶ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ አዳመጠ። ከዚያ ገጀራና መጋዝ ይዞ መጣ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለች እናቴ።

"የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የትኛው እንጨት የት እንዳለ አውቃለሁ" አለና በወረቀቱ ዙሪያ ጭቃውን መቁረጥ ጀመረ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ጭድ ያለበት ጭቃ ከነወረቀቱ በአንድ ላይ ሲወጣ ሁላችንም እጃችንን ከሥሩ ዘርግተን ነበር። እንዳይፈረካከስ ከዘይት ቆርቆሮ ረዘም ያለ ቁራጭ ቆርጦ ዙሪያውን አሠረው። ጣቱንም ቆረጠው፤ ያን ቀን ግን መቀሱን አልሰደበም።

በማግስቱ ሐሙስ ማለዳ ጣውላ ላይ አጋድመነው፣ የእናቴን ነጠላ አልብሰነው፣ ፊትና ኋላ እየተቀባበልን ወደ ሆሳዕና ሄድን። ዝናቡ ቆሞ ነበር፤ ገብሱ አረንጓዴ፣ መንገዱ ግን ገና የሚይዝ ጭቃ። የሚያገኙን ሰዎች የታመመ ሕፃን የያዝን መስሏቸው ዳር ይቆማሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ "እግዚአብሔር ይማርላችሁ" ይላሉ። አባቴ "አሜን" እያለ ያልፋል። ሦስተኛው ላይ ታደለች ሳቋ አመለጣት፤ ከዋዜማው ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ያኔ ነው ይቅር እንዳለችኝ ያወቅኩት።

መዝጋቢው መነጽር ያደረገ፣ ከሰሜን የመጣ ትልቅ ሰው ነበር። ቀና ሳይል "ዋናው የምስክር ወረቀት" አለ። አባቴ ጣውላውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ፤ እናቴ ነጠላዋን ገለጠች። ጭድና አፈር መዝገቡ ላይ ረገፈ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዋናው ነው ጌታዬ። ከነግድግዳው" አለ አባቴ።

"ግድግዳ ላይ ማን ለጠፈው?"

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። አማርኛዋ ከገበያ የማያልፍ ነበር፤ በዚያች ግን አልተደናገረችም። "እኔ ነኝ። በዓል ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጄን ይይ ብዬ።"

ሰውየው ተነስቶ ወጣ። አለቀልን አልን። ታደለች የእናቴን እጅ ያዘች። ተመልሶ ሲመጣ ሌሎች ሦስት ሠራተኞች አስከትሎ ነበር፤ ጠረጴዛውን ከበው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ልክ እንደ መስቀል እንግዳ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። አንዷ "ሂሳቧ እንዴት ያምራል!" አለች። እናቴ ይህ ሳይተረጎምላት ገባት። መዝጋቢው ውጤቱን ወደ መዝገቡ ገለበጠና ዋናውን ማየቱን ጽፎ ፈረመ። ስንወጣ እስከ በሩ ሸኘን።

"የእኔም እንዲህ ያለ ወረቀት አለ" አላት እናቴን። "ሳጥን ውስጥ ነው። እናቴ አይታው አታውቅም።"

ታደለች ሠላሳ ዓመት አስተማረች። አባቴ የዚያን ቀዳዳ ነገር እስኪሞት እናቴን ይለምን ነበር፤ ንፋስ ያስገባል፣ አንድ ባልዲ ጭቃ ይበቃዋል እያለ። አላስደፈነችውም። በየመስቀሉ ሌላውን በአዲስ ጋዜጣ ታለብሰዋለች፤ በቀዳዳው ዙሪያ ግን የብርማ ወረቀት ሰንሰለትና የቆርቆሮ አበባ ትደረድርበታለች። እንግዶች ግድግዳውን እያነበቡ መጥተው እዚያ ሲደርሱ ግራ ይገባቸዋል። ይሄኔ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትነሳና "እሱን እኔ ላንብብላችሁ" ትላለች።

ቀለም ቀቢው ፍሬሙን ሶፋው ላይ አስደግፎ ከመስታወቱ ሥር ያለውን የዛገ ቆርቆሮና ጉንጯ ላይ ሐምራዊ ቀለም የፈሰሰባትን ልጅ ተጠግቶ አየ። "ጭቃ እኮ ነው ያለው" አለ። "ወረቀቱን ብቻ አስነስተው ላሚኔት ቢያስደርጉት ይቀላል፣ እትዬ።"

ታደለች ሳሙናውን ከእጇ ጠረገች። በእኛ ዕድሜ እናት ማጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ ሆኖም ቀጥሎ የምትለውን ቀድሜ ስላወቅኩ ፊቴን ወደ ተራቆተው ግድግዳ አዞርኩ።

"ብሩሹን አስቀምጥና ቁጭ በል" አለችው። "እሱን እኔ ላንብብልህ።"