ለነጂማ ያልነገርኳት ብርድ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከዝሁር ሶላት በኋላ፣ ሃያት አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዛ ከቤቴል መጣች። ሃያት የልጅነት ጓደኛዬ የነጂማ ልጅ ናት። ሥራ ከያዘች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ጫማዋን በር ላይ ሳታወልቅ የማትገባ ጨዋ ልጅ። አረፍ ካለች በኋላ፣ "እትዬ ሉባባ፣ በጥር ከጓደኞቼ ጋር ቱርክ ልንሄድ ነው፤ ለዕረፍት" አለችኝ። "እማዬ እርስዎን ሳላማክር እንዳልሄድ ብላ ላከችኝ።"

ለዕረፍት! ዕድሜዬ ሃምሳን ሊረግጥ ነው፣ ልጆች ድሬያለሁ፤ ያም ሆኖ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ለዕረፍት ቱርክ ልትሄድ ነው ስትለኝ ቀናሁ። በዚሁ በቱርክ በእናቷም ቀንቼ አውቃለሁ። ያኔ ግን ቅናቱ ሆዴ ውስጥ ብቻ አልቀረም።

በሰፈራችን፣ ከአየር ጤና ወዲህ ባለው በኩል፣ ቱርክ የሚሄድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያማክረው እኔን ነበር። ስመክር ብትሰሙኝ እዚያ ተወልጄ ያደግኩ ይመስላችኋል። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ዘጠኝ ቀን። የሕፃናት ልብስ ትነግድ የነበረችው አክስቴ ፋጡማ፣ "የወጣት ጉልበት ያስፈልገኛል" ብላ በጥር ወር ይዛኝ ሄደች። ኢስታንቡል ስንደርስ ብርዱ ጥርሴን ቢያንቀጫቅጨው፣ አክስቴ እያጉረመረመች አንድ ጥቁር ካፖርት ገዛችልኝ። የቀረው ጊዜ ሱቅ ለሱቅ ስንዞር፣ ዕቃ ስናስርና ስንሸከም አለቀ። ባሕሩን ያየሁት በታክሲ መስኮት ነው፤ እሱንም ግማሹን ጭነቱ ጋርዶብኝ።

ተመልሼ ያወራሁት ግን ሌላ ነው። መርከብ ላይ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ፣ የባሕር ወፎች ከእጄ ላይ ዳቦ ሲነጥቁኝ፣ ምን ያላልኩት አለ! ስለ ብርዱ አላወራሁም፤ ወሬውን ያበላሽብኛል። ካፖርቱንም ብል እንዳይበላው ኪሱ ውስጥ ናፍታሊን ጨምሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩት።

በዓመቱ ነጂማ ታጨች። ባልየው ከማል ይባላል፤ ጦር ኃይሎች አካባቢ መጋረጃ የሚሸጥ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ላብ የሚያጠምቀው ሰው። በቤተሰብ በኩል የመጣ ስለነበር ነጂማም ገና በቅጡ አላወቀችውም። አንድ ቀን እየበረረች መጥታ "ለጫጉላችን ቱርክ ሊወስደኝ ነው!" አለችኝ። ነጂማ! ከእኔ ሒሳብ እየገለበጠች ክፍል ያለፈችው ነጂማ! እኔ ጭነት ተሸክሜ የተመለስኩበት አገር እሷ ከባሏ ጋር ልትንሸራሸር፣ እኔ የዋሸሁባት መርከብ ላይ እሷ በእውነት ልትቀመጥ ነው። "ማሻአላህ" አልኳት። ውስጤ ግን ድብን ብሎ አረረ።

ሰርጓ በጥር ነበር። ከሰርጉ በፊት ባለው ሳምንት ደብተርና እስክሪብቶ፣ እንዲሁም ለመንገድ ያዘጋጀቻቸውን ልብሶች በአንድ ቦርሳ ይዛ ቤቴ መጣች።

"ንገሪኝ ሉባ፣ ሁሉንም ንገሪኝ" አለች።

ነገርኳት፤ ምክሬም እውነተኛ ምክር ነበር። ፓስፖርትሽን በእጅ ቦርሳሽ ይዘሽ አትዙሪ። የሆቴሉን አድራሻ ወረቀት ላይ አጽፈሽ ያዢ፤ ብትጠፊ ለታክሲው ታሳዪዋለሽ። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አያዋጣሽም። የጠሩልሽን ዋጋ በግማሽ ጀምሪ፤ ሻይ ስለጋበዙሽ የመግዛት ግዴታ የለብሽም። ሻንጣሽን ግማሹን ባዶ አድርገሽ ሂጂ፣ ስትመለሺ ይሞላል። መንገድ ላይ የሚጠበሰውንም ፍሬ ቅመሺ፤ የተቀቀለ ስኳር ድንች ይመስላል። እሷም እንደ ድሮው ከእኔ አፍ ትገለብጣለች።

በመጨረሻ ልብሶቹን አንድ በአንድ አልጋው ላይ ዘረጋቻቸው። አየር የመሰሉ ስስ ቀሚሶች፣ ክፍት ጫማዎች፣ አንድ ሐር ሻሽ።

"ጥር ስለሆነ ሙቀቱ እንዳይፈጀኝ ብዬ ነው። አይበቃኝም?"

ለኮልፌ ልጅ ብርድና ጭቃ የሐምሌ ነው። ጥር ማለት አቧራና ፀሐይ፣ ሰርግና ብርቱካን ማለት ነው። ከአገር ያልወጣ ሰው ፀሐይ የትም ቦታ በዚሁ ወር የምትወጣ ይመስለዋል፤ እኔም እስክሄድ ድረስ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ያን ጊዜ የተቀመጥኩት ጀርባዬን ለቁም ሳጥኑ ሰጥቼ ነው፤ ካፖርቱ ከትከሻዬ አንድ ክንድ አይርቅም። እኔ ግን ሐር ሻሹን አነሳሁና "ይሄ በጣም ያምርብሻል" አልኳት።

ከሄደች በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንደገፋኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ እየሞቅኩ እሷን እስላታለሁ፤ በክፍት ጫማ፣ በሐር ሻሽ። ስሰግድ "ያ ረቢ፣ ይቅር በለኝ" እላለሁ። ከስግደቱ ስነሳ ደግሞ "ትንሽ ብቻ ይብረዳት፣ ከመርከቡ የሚያስቀራት ያህል ብቻ" እላለሁ። እንዲህ ያለ ዱዓ ሰማይ የሚደርስ አይመስለኝም፤ የእኔው ግን ደረሰ።

ስትመለስ እያሳለች መጣች። ፊቷ ግን እንደ መብራት ይበራል።

"ሉባ፣ በረዶ ወረደብን እኮ! መንገዱ ነጭ! ሁለት ቀን ከሆቴል አልወጣንም።"

"መርከቡስ?" አልኳት፤ ሌላ የሚጠየቅ የጠፋ ይመስል።

"የምን መርከብ! ከማል ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝና ራሱ ሲንቀጠቀጥ ሱቅ ፍለጋ ወጣ። ካልሲ ገዝቶ መጣ፣ ቀረፋ የተነሰነሰበት ወፍራም ትኩስ ወተት ይዞልኝ መጣ። እግሬን በእጁ ሲያሸልኝ ዋለ። እያሸ ማውራት ጀመረልሽ! ስለ አባቱ፣ ስለ ልጅነቱ... ያ ሁሉ ወሬ የት ተደብቆ እንደነበር እንጃ።"

በእጄ የፈጸምኩትን ተንኮል አያችሁ? ካፖርቱን ባውሳት ኖሮ ተሸፋፍና መርከቧን አይታ ትመለስ ነበር። ብነፍጋት ባል አገኘችበት። ከሄደችበት ቀን ይልቅ ያን ቀን ቀናሁ።

ሻዩን ፉት ብላ አየችኝ። "አንቺም የሄድሽው በጥር ነው፤ ያኔ ግን እንዲህ አይበርድም ነበር?"

"ያኔ ሞቆ ነበር" አልኳት።

"እንግዲያው እድለኛ ነሽ" አለች። ከቦርሳዋ አንድ ጥንድ የሱፍ ጓንት አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ለሚቀጥለው ጉዞሽ።" በአዲስ አበባ ፀሐይ የሱፍ ጓንት! የማይረባ ስጦታ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት፤ ሁለተኛም አላሰብኩትም።

እና ባለፈው ቅዳሜ ለሃያት ያንኑ የድሮ ምክሬን ጀመርኩላት። ፓስፖርቱን ስላት፣ "ፎቶውን ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ" አለች። አድራሻውን ስላት ካርታውን አሳየችኝ። ሆቴሉን መርጣለች፣ ዋጋውን አውቃለች፣ የመርከቡን ሰዓት ሳይቀር ይዛለች። የአየሩን ሁኔታም አውጥታ አሳየችኝ፤ ብርድና በረዶ።

"ታዲያ ሁሉን ካወቅሽ እኔ ጋ ምን አመጣሽ?" አልኳት፤ ትንሽም ከፍቶኝ ነበር።

አፈረች። "እማዬ አንድ ነገር ብቻ ከእርስዎ አፍ ሰምቼ እንድመለስ ነው የላከችኝ። 'በጥር ብርዱ እንዴት ነው ብለሽ ጠይቂያት' አለችኝ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ! ጓንቶቹ ትዝ አሉኝ። ጉልበቴን ይዤ ተነሳሁና ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ካፖርቱ ከነናፍታሊን ሽታው እዚያው ነበር።

"ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል" አልኳት። "ያኔም አውቀው ነበር፣ ይሄም ከጀርባዬ ተሰቅሎ ነበር ብለሽ ንገሪያት።"

ሃያት ግራ ገብቷት እኔንና ካፖርቱን አየች። "እኔ እኮ ቀለል ያለ ጃኬት ገዝቻለሁ፣ እትዬ" አለች በጨዋ ደንብ። ካፖርቱ ለእሷ ሳይሆን ለእናቷ እንደሆነ ነግሬያት አጣጥፌ ሰጠኋት።

መግሪብ ሊደርስ ሲል ስልኬ ጮኸ። ነጂማ ናት። ሰላምታም አላስቀደመች።

"ልኬ ነው" አለች። "ብቻ ትንሽ ዘገየ።"

አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት እሷ መሳቅ ጀመረች፤ ያቺው የድሮ ሳቋ። ይህን ሁሉ ዘመን ሻዬን ስትጠጣ፣ ልጆቼን ስታቅፍ፣ እናቴ የሞተች ጊዜ ሦስቱንም ቀን ከአጠገቤ ሳትለይ ስትቀመጥ፣ ሁሉን እያወቀች አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም። እኔ ብሆን ሳምንት አልችልም ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በዚህም ቀናሁባት።